ፈገግታችን ሰደቃ ነው ወይስ ወጥመድ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



«ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ አባቶቻችን። እንግዳ ከቀረበለት ማዕድ ይልቅ የአቅራቢውን ፊት እንደሚመለከት ሲያስተምሩን ነው። እነዚሁ አባቶች ግን «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» የሚል ሌላ አባባልም ትተውልናል። የመጀመሪያው ፈገግታን ከምግብ በላይ ያስቀምጠዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከጣፋጭ አንደበት በስተጀርባ ስለት ሊኖር እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ሁለቱም እውነት ናቸው። አስቸጋሪው ነገር ሁለቱ ፊቶች ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው።

ጨዋታ አዋቂ ሰው በሄደበት ሁሉ በር ይከፈትለታል። ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ ሲገባ ጸሐፊዋን አሳስቆ ከባለ ወረፋው ይቀድማል። መርካቶ ወርዶ ዕቃ ሲገዛ ነጋዴውን አጫውቶ ዋጋ ያስቀንሳል። ሰርግ ቤት ከላይ ይቀመጣል፤ የእድርም ሆነ የመስጂድ ኮሚቴ ምርጫ ሲደርስ ስሙ ቀድሞ ይጠራል። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ይህ ችሎታ «የስኬት ሥልጠና» ተብሎ በገንዘብ የሚሸጥ ዕውቀት ሆኗል። አሜሪካዊው ዴል ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ፣ ሰዎች እንዲወዱን ከሚያደርጉ ነገሮች አንዱ ፈገግታ መሆኑን አስተምሯል። ደራሲው ከልብ የመነጨ አድናቆት ከሽንገላ የተለየ መሆኑንም አበክሮ ጽፏል፤ ትምህርቱን ለጥቅም ብቻ የሚሹት ግን ይህን ማሳሰቢያ ዘልለውት ያልፋሉ።

ታዲያ እኛ ሙስሊሞች ይህን ጉዳይ እንዴት ልናየው ይገባል? ቀልድንና ለዛን ሰው ለማቅረብ መጠቀም ሱና ነው ወይስ ማታለል? በዚህች ጽሑፍ የምንዳስሰው ይህንኑ ነው። ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ግን ከራሴ ልጀምር።

«ሼኽ ዷድ»

በዩኒቨርሲቲ ዘመኔ ከመግሪብ በኋላ እየተሰበሰብን ቁርአን የምንቀራበት አነስተኛ ሐልቃ ነበረን። እኔ በዚያ ሐልቃ የታወቅሁት በቂርአቴ ማማር ሳይሆን በቀልዴ ነበር። ሰው ሲደክመው የማነቃው፣ ሲያኮርፍ የማስታርቀው፣ አዲስ መጪውን የማለማምደው እኔ ነበርኩ። ይህንንም እንደ ኸይር ሥራ እቆጥረው ነበር።

አንድ ዓመት ከገጠር የመጣ አዲስ ተማሪ ተቀላቀለን። ዝምተኛና ትጉ ነበር። «ዷድ» የምትባለው የዐረብኛ ፊደል ግን አልወጣ ትለው ነበር። የፋቲሓ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። አንድ ምሽት ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ «በርታ እንጂ ሼኽ ዷድ!» አልኩት። ሐልቃው በሳቅ ተናወጠ። እሱም ሳቀ፤ እንዲያውም ከሁላችንም በላይ ጮክ ብሎ የሳቀው እሱ ነበር። ከዚያን ምሽት ጀምሮ ስሙ «ሼኽ ዷድ» ሆኖ ቀረ።

የዓመቱ አጋማሽ ላይ መምጣቱን አቆመ። «ፈተና ይዞት ይሆናል» ተባብለን አለፍነው። ዓመቱ ሲያልቅ እኔ የሐልቃው አሚር ሆኜ ተመረጥኩ። የተመረጥኩት ከሌሎቹ የተሻለ ዒልም ስለነበረኝ አልነበረም፤ ተወዳጅ ስለነበርኩ ነው። ያ ተወዳጅነት ከምን ከምን እንደተሰበሰበ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

ዛሬ ግን በእያንዳንዱ ሳቅ ላይ ልንጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል፤ የዚህን ሳቅ ሂሳብ የከፈለው ማን ነው? የቀለደው ሰው ከራሱ ከፍሎ ነው ያሳቀን ወይስ ሌላ ሰው ሳይጠየቅ ከኪሱ ተወስዶበት? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት እንመለስ።

የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ቀልድ

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊታቸው የተፈታ ነበር። ዐብዱላህ ኢብኑል ሓሪስ (ረ.ዐ.) ከሳቸው ይበልጥ ፈገግታ የሚያበዛ ሰው አለማየቱን መስክሯል። ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) ደግሞ ከሰለመበት ቀን አንስቶ ባዩት ቁጥር ፈገግ ይሉለት እንደነበር ተናግሯል። ቲርሚዚ ከአቡ ዘር (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስም በወንድም ፊት ፈገግ ማለት ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍ አስተምረዋል።

«ሰደቃ» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። ሰደቃ የሚሰጡት እንጂ የሚያተርፉበት አይደለም። ለድሃ አንድ ብር ሰጥቶ ከድሃው ሁለት ብር የሚጠብቅ ሰው ነገደ እንጂ ሰደቃ አላወጣም። ፈገግታም እንደዚሁ ነው። ምንዳውን ከአላህ (ሱ.ወ.) የሚጠብቅ ሰው ፈገግታውን የሚሰጠው ለሚጠቅመውም ለማይጠቅመውም ነው።

ሶሓቦች ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አብረዋቸው ሲቀልዱ አይተው በመገረም ጠይቀዋቸዋል። የሰጡት መልስ በቀልድም ቢሆን እውነት እንጂ ሌላ እንደማይናገሩ ነበር። ይህንንም በተግባር አሳይተዋል። አንድ ሰው የሚጭነው ግመል እንዲሰጡት ሲለምናቸው የግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጡት ነገሩት። ሰውየው ግልገል መስሎት ግራ ተጋባ፤ የግመል ልጅ ምን ሊሠራለት ነው? እሳቸውም ትልቁንም ግመል የወለደችው ግመል መሆኗን አስታወሱት። ቀልዱ ውስጥ ውሸት የለም። ሰውየውም ሳይዋረድ ጉዳዩ ተፈጸመለት።

ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ግን የዛሂር (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። አነስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፈው ዛሂር የበረሃ ሰው ነበር። ከገጠር ያገኘውን ስጦታ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያመጣል፤ እሳቸውም ሲመለስ ስንቅ ያዘጋጁለታል፤ ይወዱትም ነበር። መልኩ ግን የሚያምር አልነበረም። አንድ ቀን ገበያ ላይ ቆሞ ዕቃውን ሲሸጥ ከበስተኋላው መጥተው አቀፉት። ማን እንደያዘው ሳያውቅ ልቀቁኝ እያለ ታገለ። ዞር ብሎ እሳቸው መሆናቸውን ሲያውቅ መታገሉን ትቶ ጀርባውን ከደረታቸው ጋር ያጣብቅ ጀመር። እሳቸውም ይህን ባሪያ ማን ይገዛኛል እያሉ ወደ ገበያተኛው ተጣሩ። ዛሂር እሱን የሸጠ ሰው እምብዛም ዋጋ እንደማያገኝ ተናገረ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ዘንድ ግን ዋጋው ርካሽ አለመሆኑን አበሰሩት።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። «ባሪያ» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ ሁላችንም የአላህ ባሮች ነን። ገበያው በሰው ተሞልቷል። መልከ ጥፉውን የገጠር ሰው በሕዝብ ፊት ያቀፉት የመዲና መሪ ናቸው። ዛሂር ራሱን ሲያራክስ፣ ቀልዱ ዞሮ ዋጋውን ከፍ አደረገው። በዚህ ሳቅ የከፈለው ቀላጁ ነው፤ ጊዜያቸውን፣ ክብራቸውን፣ ፍቅራቸውን ሰጡ። ዛሂር ግን ወደ ገበያው ከመጣበት የበለጠ ይዞ ተመለሰ።

በሕጻናትም ላይ ያየነው ይኸው ነው። የአነስ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ወፏ ሞታ ልጁ ሲያዝን፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ስሙን ከወፏ ስም ጋር በዜማ እያገጣጠሙ ወፏ ምን እንደሆነች ጠየቁት። ለመንግሥትና ለዘመቻ ጉዳይ ሰው የሚጠብቃቸው ነቢይ ለአንድ ሕጻን ወፍ ሐዘን ተቀመጡ። ከዚያ ልጅ ምን ጥቅም ይፈለጋል? ድምፅ አይሰጥ፣ ገንዘብ አያበድር!

ሳቅ የሚቆምበት ድንበር

ዲናችን ሳቅን አልከለከለም፤ ድንበር ግን አበጅቶለታል። የመጀመሪያው ድንበር ውሸት ነው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሰዎችን ለማሳቅ ሲል የሚዋሽን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ደጋግመው «ወየውለት» ብለዋል። ሁለተኛው ድንበር ማስደንገጥ ነው። ሶሓቦች አብረው ሲጓዙ አንዱ ተኝቶ ሳለ ሌላው ገመዱን ወስዶበት ሲነቃ ደነገጠ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድለት ተናገሩ። በዛሬ ጊዜ በቲክቶክ ተመልካች ለማግኘት ሲባል መንገደኛን እያስደነገጡ፣ እናትን የልጇን መርዶ እየነገሩ የሚቀርጹ ወጣቶቻችን ይህን ሐዲስ ሊያስታውሱት ይገባል። የሚሊዮኖችን ሳቅ ሂሳብ የከፈለችው ያች አንዲት እናት ናት።

ሦስተኛው ድንበር ማላገጥ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ ወንዶች በወንዶች፣ ሴቶችም በሴቶች እንዳይሳለቁ ከልክሏል፤ የተሳለቁበት ሰው ከተሳላቂው የተሻለ ሊሆን ይችላልና። በዚያው አንቀጽ በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራትንም ከልክሏል። እኔ ይህን አንቀጽ በቃሌ እቀራው ነበር፤ ያውም ዷዷን አስተካክዬ በማነባት ምላሴ!

ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ለመፋቂያ የሚሆን እንጨት ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ሲወጣ ነፋስ ልብሱን ገለጠውና የቅልጥሞቹ ቅጥነት ታየ። ሶሓቦች ሳቁ። ተንኮል አስበው አልነበረም፤ ሰው በድንገት ሲያይ የሚስቀውን ሳቅ ነው የሳቁት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ሳቁን እንዲሁ አላለፉትም። የሚያስቃቸው ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ከዚያም እነዚያ ቀጫጭን እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነገሯቸው። ልብ እንበል፤ ኢብኑ መስዑድ ተከፋሁ አላለም፣ አቤቱታም አላቀረበም። ከሐልቃው ውስጥ ለሱ የቆመለት መሪው ነው። እኛ ሐልቃ ውስጥ ግን የሚቆምለት ሰው አልነበረም፤ ቀልዱን የጀመርኩት እኔው ነበርኩና።

አራተኛው ድንበር መጠን ነው። ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ሒጅሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1111 የሞቱት) በ«ኢሕያእ» ኪታባቸው ቀልድን ከምላስ አደጋዎች መካከል መድበው ጽፈዋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መቀለዳቸውን አልካዱም። ቀልድን ሙያው አድርጎ ከያዘ በኋላ «ነቢዩስ ይቀልዱ አልነበረም ወይ?» የሚለውን ሰው ግን ትልቅ ስህተተኛ ይሉታል። ምሳሌያቸውም እኛን የሚነካ ነው። በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂድ ውስጥ በጦራቸው ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንድትመለከት መፍቀዳቸው የታወቀ ነው። ገዛሊ ይህን ማስረጃ ይዞ ቀኑን ሙሉ ጭፈራ ሲያይ የሚውልን ሰው ይጠቅሳሉ። የዒዱ ጨዋታ እውነት ነው፤ ዓመቱ በሙሉ ግን ዒድ አይደለም። ጨው ወጥን ያጣፍጣል፤ ጨው ብቻውን ግን ወጥ አይሆንም።

ሙዳራና ሙዳሀና

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። ፊትን አፍክቶ፣ ቃልን አለስልሶ ሰውን መያዝ ራሱ ጥበብ ነው፤ ታስቦበት ሊደረግም ይችላል። ታዲያ መቼ ነው ወደ ማታለል የሚዞረው?

ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፈችው አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለመግባት ፈቃድ ጠየቀ። እሳቸውም ከወገኖቹ መካከል መጥፎ ሰው መሆኑን ተናገሩ። በገባ ጊዜ ግን ፊታቸውን ፈትተው በለሰለሰ ቃል አነጋገሩት። ዓኢሻ ከሄደ በኋላ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። መልሳቸውም አላህ ዘንድ በቂያማ ቀን ደረጃው እጅግ የከፋው ሰው፣ ሰዎች ክፋቱን ፈርተው የሚርቁት መሆኑን የሚያስረዳ ነበር። ኢማም ቡኻሪ ይህን ሐዲስ ስለ «ሙዳራ» በሚናገረው ባብ ሥር አስገብተውታል።

ኢብኑ ሐጀር አል-አስቀላኒ (በ852 ሒጅሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1449 የሞቱት) በ«ፈትሑል ባሪ» ከቀደምት ዑለማኦች ጠቅሰው ልዩነቱን ያብራራሉ። ሙዳራ ማለት ለዲን ወይም ለዱንያ ጥቅም ሲባል ከዱንያ መስጠት ነው። ሙዳሀና ደግሞ ለዱንያ ጥቅም ሲባል ዲንን መስጠት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዚያ ሰው የሰጡት መልካም አቀራረባቸውንና ለስላሳ ንግግራቸውን ነው፤ በቃል ግን አላወደሱትም። ባጭሩ ፊታቸውን ሰጡት፤ ምስክርነታቸውን አልሰጡትም።

ሙዳሀና የሚለው ቃል «ዱህን» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር ይዛመዳል፤ ትርጉሙም ዘይት ወይም ቅባት ነው። አባቶቻችን «አፈ ቅቤ» ያሉት በከንቱ አይደለም። በዘመናችን አማርኛ አድርባይነት የምንለው እሱ ነው። አድርባይ ሰው አለቃው የተናገረውን ሁሉ ያጨበጭብለታል፣ ሐብታሙ ያልሳቀበትን ቀልድ አይስቅበትም፣ በድሃ ላይ ሲቀለድ ግን ቀድሞ ይስቃል። የሱን ተወዳጅነት ሂሳብ የምትከፍለው ሐቅ ናት።

ቁርአን እንዲህ ዓይነቱን ሰው አስቀድሞ አሳይቶናል። በሱረቱል በቀራህ 204ኛ አንቀጽ ላይ በዱንያ ጉዳይ ንግግሩ የሚያስደንቅ፣ በልቡ ላለውም አላህን ምስክር የሚጠራ፣ ነገር ግን ክርክሩ እጅግ የከረረ ሰው ተገልጿል። በሱረቱል ሙናፊቁን 4ኛ አንቀጽም ገጽታቸው የሚማርክ፣ ሲናገሩም የሚደመጡ፣ ሆኖም ግድግዳን እንደተደገፈ ግንድ የሆኑ ሰዎች ተጠቅሰዋል። ይህ ምሳሌ ያስደነግጣል። የተደገፈ እንጨት ቁመናው ያምራል፤ ቤት ግን አልተሸከመም።

በሐበሻው ንጉሥ ፊት

ሙዳራና ሙዳሀና ፊት ለፊት የተጋጠሙት በገዛ አገራችን ነው። ኢብኑ ሂሻም በሲራቸው ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ይዘው የዘገቡትን የነጃሺን ችሎት ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚህ ማዕዘን ግን ብዙ ጊዜ አናየውም።

እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ለማስመለስ ቁረይሾች ሁለት ሰዎች ላኩ። አንደኛው ያን ጊዜ ገና ያልሰለመው ዐምር ኢብኑል ዓስ ነበር፤ በብልሃቱና በአንደበቱ የታወቀ ሰው። ከመካ ዕቃ ሁሉ በሐበሻ እጅግ የሚወደደው ቆዳ መሆኑን ስለሚያውቁ ብዙ ቆዳ ይዘው መጡ። ከንጉሡ በፊት እያንዳንዱን ሹም በስጦታ ጎበኙ፤ አንድም አላስቀሩም። የለመኑትም ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ ንጉሡን እንዲመክሩት ነበር። ይህ የፈገግታ ወጥመድ ከነሙሉ ስልቱ ነው፤ አስቀድሞ ፍቅር መግዛት፣ ከዚያም በተገዛው ፍቅር የሌላውን አንደበት መዝጋት።

ነጃሺ ግን ሳይሰማ አልፈርድም አለ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ቆሞ ተናገረ። ንጉሡን በአክብሮት ጠራው፤ አገሩን ከሌሎች መርጠው፣ በደል እንደማይደርስባቸው ተስፋ አድርገው መምጣታቸውን ነገረው። ከቁርአን እንዲያነብለት ሲጠየቅም የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ ቀራለት። ክርስቲያን ለሆነ ንጉሥ የመርየምን ሱራ መምረጥ ምን ዓይነት አቀራረብ እንደሆነ አስተውሉ! ይህ ሙዳራ ነው። ሰሚው ከሚወደው በር መግባት እንጂ እውነቱን መደበቅ አይደለም። ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ።

በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ያላቸውን እምነት አንስቶ ሊያጋጫቸው ሞከረ። ሙስሊሞቹ ተሰብስበው ምን እንደሚመልሱ ተማከሩ። በባዕድ አገር ያሉ፣ ወገን የሌላቸው ስደተኞች ነበሩ። ትናንት ያስለቀሱትን ንጉሥ ዛሬ ላለማስቀየም ቃሉን ጠምዘዝ ማድረግ ይቀላቸው ነበር። የወሰኑት ግን የመጣው ቢመጣ አላህ ያለውንና ነቢያቸው ያስተማሯቸውን ለመናገር ነው። ጃዕፈርም ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግል መርየም የጣለው ቃሉና ከርሱ የሆነ መንፈስ መሆኑን ሳይሸራርፍ ተናገረ። ነጃሺ አመናቸው፤ ለቁረይሾች ስጦታቸው ተመለሰላቸው።

በመጀመሪያው ቀን የጃዕፈር ለዛ፣ በሁለተኛው ቀን የጃዕፈር ሐቅ ታየ። የመጀመሪያው ቀን ብቻ ቢኖር ኖሮ «ጎበዝ ተናጋሪ» ብለነው እናልፍ ነበር። ለዛው ሰደቃ እንደነበር ያረጋገጠልን ሁለተኛው ቀን ነው።

ዛሬ በኛ መካከል

ወደ ራሳችን እንመለስ። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሁሉ ሲሰሙ «እንግዲያውስ ፊትን መቋጠር ይሻላል» ሊሉ ይችላሉ። ይህም ስህተት ነው። ፊት መቋጠር ተቅዋ አይደለም። በመስጂድ በር ላይ ቆሞ ወጣቱን በግልምጫ የሚቀበል ሰው ስንቱን እንደመለሰ አላህ ያውቃል። አላህ (ሱ.ወ.) ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 159ኛ አንቀጽ ያስታወሳቸው ቃልና ልባቸው ደረቅ ቢሆን ኖሮ ሰዎች ከዙሪያቸው ይበተኑ እንደነበር ነው። ለሳቸው እንዲህ ከተባለ ለኛማ እንዴት!

የወሎ ሰው ያዘነን ሲያጽናና «አብሽር» ይላል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን «ብስራት» ከሚለው ቃላችን ጋር ሥሩ አንድ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሙዓዝንና አቡ ሙሳን (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲልኳቸው እንዲያገሩ እንጂ እንዳያከብዱ፣ እንዲያበስሩ እንጂ እንዳያስበረግጉ ያዘዟቸው ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው። «አብሽር» የሚል ሰው ከሚያጽናናው ሰው ምንም አይወስድም፤ ይሰጣል እንጂ።

በሌላ በኩል ግን ሳቅ ሊመልሳቸው የማይገቡ ጥያቄዎች አሉ። የጀመዓውን ገንዘብ የያዘ ወንድም ሂሳብ ሲጠየቅ በቀልድ ካሳለፈው፣ ጠያቂውም ስቆ ከተቀመጠ፣ ያ ሳቅ የየቲሞችና የምስኪኖች ሐቅ ላይ የተሳቀ ነው። ብድሩን ሲጠየቅ ተበዳሪው በጨዋታ ካዘናጋ፣ አበዳሪው አፍሮ ዝም ማለቱ ብድሩን ሐላል አያደርግለትም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ስቀን መልሱን መጠበቅ አለብን። «ጥሩ ቀልድ ነው ወንድሜ፤ ደረሰኙስ?» ማለት ድፍረት አይደለም።

ሌላው መፈተኛ ቤታችን ነው። ለአለቃውና ለደንበኛው ቀኑን ሙሉ ሲስቅ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ፊቱን ቋጥሮ ከተቀመጠ፣ የቀኑ ፈገግታ ሰደቃ ሳይሆን ሸቀጥ እንደነበር ሚስቱና ልጆቹ ይመሰክሩበታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመው እሷ ቀደመቻቸው፤ ከጊዜ በኋላ ደግመው ሲሽቀዳደሙ እሳቸው ቀደሙና ይህ በዚያኛው እንደሆነ በጨዋታ ነገሯት። የሕዝብ መሪ ለቤታቸው ያስቀሩት ፈገግታ ይህን ያህል ነበር።

እንግዲያው ከመቀለዳችን በፊት ሦስት ነገር ራሳችንን እንጠይቅ። የምናገረው እውነት ነው? ከዚህ ሰው ምንም የማልፈልግ ብሆን ኖሮ እንዲህ ፈገግ እልለት ነበር? ሂሳቡንስ የሚከፍለው ማን ነው?

«አፉ በለኝ»

ሂሳብ የምለው ለምሳሌ ያህል ብቻ አይደለም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እውነተኛውን ኪሳራ የደረሰበት ሰው ማን እንደሆነ አስተምረዋል። በቂያማ ቀን ሶላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ ይመጣል፤ ነገር ግን ይህን ሰድቦ፣ ያንን በድሎ ነበርና መልካም ሥራው ለተበዳዮቹ እየተቆረሰ ይሰጥበታል። በዱንያ ያልተወራረደ እዚያ ይወራረዳል።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ጀናዛ ስንመለስ አንድ ሰው በስሜ ጠራኝ። ፊቱን ወዲያው ለየሁት፤ ስሙ ግን ጠፋኝ። አፌ ላይ የመጣው «ሼኽ ዷድ» የሚለው ብቻ ነበር፤ ዋጥኩት። ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። የወንድሜን ስም አጥፍቼ በቦታው የተከልኩት የኔ ቀልድ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት።

አፍሬ ስሙን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ጥቂት አብረን ሄድን። ያንን ጊዜ ሳነሳበት ፈገግ አለና «ያኔ ከሁላችሁ ቀድሜ የምስቀው ፊቴን እንዳታዩብኝ ብዬ ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሰው ባለበት ድምፁን አውጥቶ እንዳልቀራ፣ ለኢማምነት ሲገፉት ወደ ኋላ እንደሚሸሽ አጫወተኝ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ እንደ ተራ ወሬ ነው የነገረኝ። «አሁን መድረሳ የምትሄደው ልጄ ዷድን ታስተምረኛለች። እሷም ስሳሳት ትስቃለች። ግን አብረን ነው የምንስቀው» አለኝ።

ያች ሕጻን እኔ በዩኒቨርሲቲ ያልተማርኩትን አውቃለች። «አፉ በለኝ» አልኩት። «አላህ ሁላችንንም አፉ ይበለን» ብሎ እጄን ያዘ። ቀልዴን የሰማው ሐልቃው በሙሉ ነበር፤ ይቅርታዬን የሰማው ግን እሱ ብቻ በመሆኑ ይህችን ጽሑፍ ጻፍኩ።

ከናንተ መካከል በሳቃችሁ ሂሳብ የከፈለ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ካላችሁ ሰውየው ሳይርቅ ፈልጉት። ስሙን ከረሳችሁም ጠይቁት።

አላህ (ሱ.ወ.) ፈገግታችንን ሰደቃ፣ አንደበታችንን የሐቅ አንደበት ያድርግልን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።